የታሪክ ጥያቄ ደረጃዎች፤ የመተማ ጦርነት ለምሳሌ

መግቢያ

«የመተማ ጦርነት መቼ ተደረገ?» የሚል ጥያቄ በፈተና ወረቀት ላይ ቢቀርብ አብዛኛው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ «በ1881 ዓ.ም.» ብሎ ይመልሳል። «በጦርነቱ የወደቁት ንጉሠ ነገሥት ማን ናቸው?» ቢባልም «ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ» ለማለት አይቸገርም። ነገር ግን ይኸው ተማሪ «ኢጣሊያ ምጽዋን ይዛ ወደ ደጋው ለመውጣት በምትዘጋጅበት ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ ፊታቸውን ወደ ምዕራብ ያዞሩት ለምንድን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ዝም ይላል። «ይህንስ በምን አወቅህ?» ሲባል ደግሞ «መጽሐፉ ላይ አለ» ከማለት አያልፍም።

ይህ የማስታወስ ችሎታ ማነስ አይደለም። ተማሪ የሚያጠናው እንደሚጠየቀው ነው። ዓመት ዓመቱን ስምና ቀን ብቻ የሚጠየቅ ከሆነ ስምና ቀን ይሸመድዳል፤ ፈተናው ሲያልፍ የሸመደደውም አብሮ ያልፋል። ስለዚህ የታሪክን ትምህርት ለማሻሻል የሚፈልግ መምህር አስቀድሞ ሊመለከተው የሚገባው የራሱን ጥያቄዎች ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለአንድ የታሪክ ርእስ በልዩ ልዩ ደረጃ ጥያቄ እንዴት እንደሚዘጋጅ በምሳሌ ማሳየት ነው። ለምሳሌነት የተመረጠው የመተማ ጦርነት ነው። ጦርነቱ የተደረገበት ቦታ ዛሬ በድንበር ለሁለት ተከፍሎ ይገኛል። በኢትዮጵያ በኩል ያለው ከተማ መተማ ዮሐንስ፣ በሱዳን በኩል ያለው ገላባት ይባላል፤ የሚለያቸውም አንድ ትንሽ ሸለቆ ነው። ከገላባት ተነሥቶ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ምዕራብ የተጓዘ ሰው ገዳሪፍ ይደርሳል። በዚህ መንገድ ላይ ነጋዴው፣ ለሰሊጥና ለማሽላ አጨዳ የሚሄደው የቀን ሠራተኛ፣ ስደተኛውም ሲመላለስ ኖሯል። በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ጊዜ፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ በትግራይ ጦርነት ጊዜ ብዙ ኢትዮጵያውያን ወደ ገዳሪፍ አካባቢ ተሰደዋል። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በሱዳን የተነሣው ጦርነት ያፈናቀላቸው ሰዎች በገላባት በኩል ወደ መተማ ገብተዋል።

በዚህ ምክንያት የመተማን ጦርነት ታሪክ ከአንደኛው ወገን የሰሙና ከሌላው ወገን የሰሙ ልጆች በአንድ ገበያ ወይም በአንድ መጠለያ ይገናኛሉ። አንዱ ንጉሠ ነገሥቱ ስለ አገራቸውና ስለ ሃይማኖታቸው የወደቁበት ቀን መሆኑን ተምሯል። ሌላው የቅድመ አያቶቹ ጦር ከአንድ ታላቅ ንጉሥ ጋር ተጋጥሞ ድል ያደረገበት ቀን መሆኑን ሰምቷል። «ማን አሸነፈ?» ከሚለው ጥያቄ በቀር ሌላ ጥያቄ ካልተማሩ እነዚህ ልጆች መሰዳደብ እንጂ መነጋገር አይችሉም። የጥያቄ ደረጃ ጉዳይ የማስተማር ዘዴ ጉዳይ ብቻ የማይሆነው ስለዚህ ነው።

የጥያቄ ደረጃ ሲባል ምን ማለት ነው?

በ1956 እ.ኤ.አ. ቤንጃሚን ብሉም የተባለው አሜሪካዊ የትምህርት ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ የትምህርትን ዓላማዎች በስድስት ደረጃ ከፍሎ አሳተመ። ደረጃዎቹ ከታች ወደ ላይ ሲቆጠሩ ዕውቀት፣ መረዳት፣ በሥራ ላይ ማዋል፣ መተንተን፣ ማቀናጀትና መገምገም ናቸው። በ2001 እ.ኤ.አ. ሎሪን አንደርሰንና ዴቪድ ክራትዎል ከሌሎች ምሁራን ጋር ክፍፍሉን አሻሽለው ማስታወስ፣ መረዳት፣ በሥራ ላይ ማዋል፣ መተንተን፣ መገምገምና መፍጠር በሚል አቀረቡት።

የክፍፍሉ ስያሜ ከውጭ ይምጣ እንጂ አሳቡ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በጥንቱ የሙግት ሥርዓት ተሟጋቹ ባላጋራውን «ተጠየቅ» እያለ ከአንዱ ነጥብ ወደ ሌላው በጥያቄ ይመራው ነበር። በቤተ ክህነት ትምህርትም የትርጓሜው መምህር አንዱን ቃል «አንድም» እያለ በልዩ ልዩ መንገድ ይፈታዋል። ይሁን እንጂ ተማሪው ወደ ትርጓሜው የሚገባው ንባቡን ጠንቅቆ ካወቀ በኋላ ነው። ንባቡን ያላወቀ ሰው «አንድም» ቢል የሚሰማው የለም። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የሚለው አባባላችንም የሚያመለክተው ይህንኑ ሥርዓት ነው።

ለታሪክ ትምህርት ስድስቱን ደረጃዎች እንዳሉ ከመያዝ ይልቅ በአራት ጥያቄዎች መጠቅለል ለክፍል ሥራ ይቀላል። እነርሱም የሚከተሉት ናቸው።

1ኛ. ምን ሆነ?
2ኛ. ለምንና እንዴት ሆነ?
3ኛ. ይህን በምን አወቅን?
4ኛ. ነገሩን እንዴት እንመዝነዋለን?

ከዚህ ቀጥሎ እያንዳንዱን በመተማ ጦርነት ላይ እናያለን።

አንደኛ ደረጃ፦ ምን ሆነ?

በዚህ ደረጃ የሚቀርቡት ጥያቄዎች መቼ፣ የት፣ ማን፣ ምን የሚሉ ናቸው። ለምሳሌ፦

ሀ. ጦርነቱ በየትኛው ቀንና ዓመት ተደረገ?
ለ. በሁለቱም ወገን የጦሩ አዛዦች እነማን ነበሩ?
ሐ. ውጊያው እንዴት ጀምሮ እንዴት ተፈጸመ?

እነዚህ ጥያቄዎች ዝቅተኛ ስለ ተባሉ የሚናቁ አይደሉም። የላይኞቹ ሁሉ የሚቆሙት በእነርሱ ላይ ነው። ደግሞም እንደሚመስሉት ቀላል አይደሉም። ጦርነቱ የተደረገው መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ነው። ይህ ቀን በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ማርች 9 ቀን 1889፣ በእስላማዊው አቆጣጠር ደግሞ በረጀብ ወር 1306 ዓመተ ሒጅራ ይውላል። በሱዳን የተማረ ልጅ 1889 ወይም 1306 ቢል ስለ ሌላ ጦርነት እየተናገረ አይደለም። መምህሩ ሦስቱን ዘመናት በሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን ቢጽፋቸው አንድ የተለመደ ግራ መጋባት ከመነሻው ይወገዳል።

ስምም እንዲሁ ነው። የአማርኛ መጻሕፍት የሱዳኑን ጦር «ደርቡሽ» ይሉታል። የመሐዲው ተከታዮች ግን ራሳቸውን የሚጠሩት «አንሳር» ብለው ነበር። ተማሪው ሁለቱንም ስሞች ማወቅ አለበት፤ ያለዚያ በሁለት መጻሕፍት የተጻፈውን አንድ ጦር ሁለት አድርጎ ይቆጥረዋል።

የውጊያው ሂደት ባጭሩ እንዲህ ነው። የሱዳኑ ጦር መተማን በእሾህ አጥር አጥሮ ይጠብቅ ነበር። ይህ ዓይነቱ ምሽግ በዐረብኛ «ዘሪባ» ይባላል። ዋናው አዛዥ ሐምዳን አቡ አንጃ ከጦርነቱ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ በሕመም ስለ ሞተ ጦሩን የመራው ዛኪ ጠመል ነው። የመሐዲው ተተኪ ኸሊፋ ዐብዱላሂ በጊዜው በኦምዱርማን ነበር። ዐፄ ዮሐንስ የሚመሩት ጦር አጥሩን ጥሶ ገብቶ ወደ ድል በተቃረበበት ሰዓት ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት ተመቱ። ወሬው በሠራዊቱ ውስጥ በተሰማ ጊዜ ጦሩ ማፈግፈግ ጀመረ። ንጉሠ ነገሥቱም በቁስሉ ሞቱ። አስከሬናቸውን ይዞ የሚመለሰውን ክፍል የሱዳን ጦር ተከታትሎ ደረሰበትና የንጉሠ ነገሥቱ ራስ ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ።

ተማሪው ይህን ያህል በቅደም ተከተል መናገር ከቻለ ለሁለተኛው ደረጃ ዝግጁ ነው።

ሁለተኛ ደረጃ፦ ለምንና እንዴት ሆነ?

በዚህ ደረጃ ተማሪው ነገሮችን እርስ በርሳቸው እንዲያያይዝ ይጠየቃል። እዚህ ላይ አንድ ምክንያት ብቻ የሚጠብቅ ጥያቄ ጥሩ ጥያቄ አይደለም። «የጦርነቱ ምክንያት ምንድን ነው?» ከማለት ይልቅ «የቆዩት ምክንያቶች የትኞቹ ናቸው? የቅርቦቹስ? ጦርነቱን የቀሰቀሰው የትኛው ነው?» ብሎ መከፋፈል ይሻላል።

ከቆዩት ምክንያቶች አንዱ የመተማ ገበያ ነው። መተማ የጎንደር ቡና፣ ሰምና ከብት፣ በዚያ ዘመንም ባሪያ ጭምር፣ ወደ ሱዳን የሚያልፍበት የንግድ በር ነበር። ሌላው የሃይማኖት ጉዳይ ነው። በ1870 ዓ.ም. ከተደረገው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ የወሎ ሙስሊሞች ክርስትና እንዲቀበሉ በመገደዳቸው ከእነርሱ መካከል ወደ መተማ በኩል የተሰደዱ ነበሩ። በሱዳን በኩል ደግሞ የመሐዲው እንቅስቃሴ ጎረቤት አገሮችን ወደ ራሱ እምነት የመጥራት ዓላማ ነበረው። ኸሊፋ ዐብዱላሂም ለዐፄ ዮሐንስ እንዲሰልሙ የሚጠይቅ ደብዳቤ ልኳል። መምህሩ የአንዱን ወገን የሃይማኖት ግፊት አንሥቶ የሌላውን ዝም ቢል ጥያቄው ተንሻፎ ይቀራል።

የቅርቦቹ ምክንያቶች ከ1876 ዓ.ም. ይጀምራሉ። በዚያ ዓመት በዓድዋ በተፈረመውና በእንግሊዙ ልዑክ ስም የሂዊት ውል በሚባለው ስምምነት ዐፄ ዮሐንስ በመሐዲው ጦር የተከበቡት የግብፅ ወታደሮች በኢትዮጵያ በኩል እንዲወጡ ለመርዳት ተስማሙ። በለውጡ የቦጎስ አገር ይመለስላቸው፣ በምጽዋ በኩልም ሸቀጥ ያለ ቀረጥ ይለፍላቸው ነበር። ውሉ ከተፈረመ አንድ ዓመት ሳይሞላ፣ በ1877 ዓ.ም.፣ እንግሊዝ እያወቀች ኢጣሊያ ምጽዋን ያዘች። ኢትዮጵያ ግን ቃሏን በመጠበቋ ከመሐዲው ተከታዮች ጋር ተፋጠጠች። በመስከረም 1878 ዓ.ም. ራስ አሉላ ኩፊት ላይ ከኡስማን ዲግና ጦር ጋር ተዋግተው ድል አደረጉ። በጥር 1879 ዓ.ም. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መተማን ወግተው የሱዳኑን አዛዥ ወድ አርባብን ገደሉ። በዚያው ወር ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ የኢጣሊያን ጦር ደመሰሱ። ልክ በዓመቱ፣ በጥር 1880 ዓ.ም.፣ አቡ አንጃ ደምቢያ ገብቶ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ሳር ውሃ ላይ ድል አደረገና ጎንደርን አቃጠለ።

እነዚህን ዓመታት ተማሪው በጊዜ መሥመር ላይ እንዲደረድራቸው ከተደረገ በኋላ መግቢያው ላይ የተነሣው ጥያቄ ይቀርብለታል። ንጉሠ ነገሥቱ በ1880 ዓ.ም. ሰኣጢ ድረስ ወርደው ከኢጣሊያኖች ምሽግ ፊት ለፊት ሰፍረው ነበር። ሳይዋጉ ለምን ተመለሱ? ተማሪው የጊዜ መሥመሩን እያየ ሦስት ነገር ሊያገኝ ይችላል። ኢጣሊያኖቹ ከምሽጋቸው አልወጡም፤ ጎንደር ከመቃጠሏ ገና ጥቂት ወራት ነው፤ የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትና የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም መስማማታቸው ንጉሠ ነገሥቱን አሳስቧቸዋል። «ለምን?» የሚለው ጥያቄ የሚመለሰው እንዲህ ከሦስት አቅጣጫ የመጣውን ግፊት በአንድ ጊዜ በማየት ነው።

ሦስተኛ ደረጃ፦ ይህን በምን አወቅን?

በክፍል ውስጥ እምብዛም የማይነሣው ይህ ጥያቄ ነው፤ ታሪክን ከተረት የሚለየው ግን እርሱ ነው። በምስክር የማይጠየቅ ሙግት እንደሌለ ሁሉ በማስረጃ የማይጠየቅ ታሪክም የለም። መምህሩ ለእያንዳንዱ ምንጭ አራት ነገር ያስጠይቅ፦ ማን ጻፈው? መቼ? ለማን? በዓይኑ አየ ወይስ ሰማ?

ስለ መተማ ጦርነት ቢያንስ ሦስት ዓይነት ምንጮች አሉ።

የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ዜና መዋዕሎች ናቸው። ስለ ዐፄ ዮሐንስ የተጻፉት ንጉሠ ነገሥቱን በሃይማኖት ሰማዕትነት ይመለከቷቸዋል። ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የጻፉት የዳግማዊ ምኒልክ ታሪክም ይህን ዘመን ይነካል። ይሁን እንጂ ጸሐፊው የምኒልክ ባለሟል ነበሩ። በሁለቱ ነገሥታት መካከል የነበረውን ፉክክር ያወቀ ተማሪ «ይህ አተራረክ ማንን ይጠቅማል?» ብሎ ለመጠየቅ ይችላል።

ሁለተኛዎቹ የሱዳን ጽሑፎች ናቸው። ኢስማዒል ዐብድ አልቃድር የተባለው የኸሊፋው ዘመን ጸሐፊ በኢትዮጵያ ላይ ስለ ተደረገው ጦርነት በዐረብኛ መጽሐፍ ጽፏል። የመጽሐፉ ርእስ ራሱ የዮሐንስን መገደል እንደ ምሥራች የሚያበሥር ነው። ለጦርነቱ የቀረበ ዘመን ያለው ጽሑፍ ስለ ሆነ ዋጋው ከፍተኛ ነው፤ የተጻፈው ግን የኸሊፋውን ድል ለማወደስ ነው። ዜና መዋዕሎቻችንን የጠየቅነውን ጥያቄ እርሱንም እንጠይቀዋለን።

ሦስተኛዎቹ በኦምዱርማን ታስረው የነበሩ አውሮፓውያን ያሳተሟቸው መጻሕፍት ናቸው። ከእነርሱም አባ ዮሴፍ ኦርዋልደርና ሩዶልፍ ስላቲን ይገኙበታል። ኦርዋልደር በ1891፣ ስላቲን በ1895 እ.ኤ.አ. አምልጠው መጽሐፋቸውን በእንግሊዝኛ ለማሳተም የረዳቸው ሬጂናልድ ዊንጌት የግብፅ ጦር የስለላ ክፍል ሹም ነበር። በዚያን ጊዜ እንግሊዞች ሱዳንን ለመውረር ይዘጋጁ ስለ ነበር ኸሊፋውን የሚያስጠላ መጽሐፍ ለዓላማቸው ይጠቅማቸው ነበር። እነዚህ ሰዎች በኦምዱርማን ያዩትን መስክረዋል፤ መተማ ላይ የሆነውን ግን የጻፉት ከሌላ ሰምተው ነው።

ተማሪው ከዚህ ተነሥቶ «ሁሉም ይዋሻል» ወደሚል ድምዳሜ እንዳይደርስ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ትክክለኛው ትምህርት ሌላ ነው። እርስ በርሳቸው የሚጠላሉ ምንጮች በአንድ ነገር ላይ ከተስማሙ ያ ነገር እምነት የሚጣልበት ነው። የኢትዮጵያው ጦር አጥሩን ጥሶ መግባቱ፣ የጦርነቱም ዕድል የተለወጠው በንጉሠ ነገሥቱ መቁሰል መሆኑ ከዚህ ዓይነቱ ይመደባል። በዚህ ደረጃ ላይ ከመተማ የመጣውና ከገዳሪፍ የመጣው ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ሥራ ላይ ይሰማራሉ። ከእንግዲህ ሁለቱም የሚፈልጉት የማን ታሪክ እንደሚበልጥ ሳይሆን የትኛው ቃል ማስረጃ እንዳለው ነው።

አራተኛ ደረጃ፦ እንዴት እንመዝነዋለን?

በዚህ ደረጃ ተማሪው ፍርድ እንዲሰጥ ይጠየቃል። «ዐፄ ዮሐንስ ወደ መተማ መዝመታቸው ትክክል ነበር?» «ከጦርነቱ የተጠቀመው ማን ነው?» የሚሉት ጥያቄዎች የዚህ ደረጃ ናቸው። አንድ መልስ ብቻ የላቸውም፤ ይህ ማለት ግን ማንኛውም መልስ ይበቃል ማለት አይደለም። ፍርዱ ከታች ባሉት ሦስት ደረጃዎች ላይ ካልቆመ አስተያየት ብቻ ሆኖ ይቀራል።

«ማን ተጠቀመ?» የሚለውን እንውሰድ። ተማሪው የሚከተሉትን ነገሮች ይመዝናል። ከጦርነቱ በኋላ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም.፣ ዐፄ ምኒልክ ከኢጣሊያ ጋር የውጫሌን ውል ተፈራረሙ። በመጣው ክረምት የኢጣሊያ ጦር አሥመራን ያዘ። በጃንዋሪ 1890 እ.ኤ.አ. ኢጣሊያ ኤርትራን ቅኝ ግዛቷ አድርጋ አወጀች። በሱዳን በኩልም የመተማ ድል ብዙ ሰው ያስጨረሰ ነበር። በዚያው በ1306 ዓመተ ሒጅራ የጀመረውን ብርቱ ረሃብ ሱዳኖች እስከ ዛሬ «የስድስት ዓመት» እያሉ ያስታውሱታል። በኢትዮጵያም ያ ዘመን ከብቱ በበሽታ ያለቀበት «ክፉ ቀን» ነበር። በሴፕቴምበር 1898 እ.ኤ.አ. የኸሊፋው ጦር ኦምዱርማን አጠገብ ከረሪ ላይ ተደመሰሰ፤ በዚያው ወር ከከሰላ የተነሣ በእንግሊዝ መኰንን የሚመራ የግብፅ ጦር ገዳሪፍን ያዘ። እንግዲህ መተማ ላይ ከተዋጉት ከሁለቱ የትኛው ተጠቀመ?

ለዚህ ፍርድ አንድ ተጨማሪ ማስረጃ አለ። ከጦርነቱ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ዐፄ ዮሐንስ ለአቡ አንጃ የሰላም ደብዳቤ ልከው ነበር። በደብዳቤው እርስ በርስ መዋጋቱ ድኻውን ከማስጨረስ በቀር እንደማይጠቅም፣ የሁለቱም ጠላት አውሮፓውያን መሆናቸውን አስረዱ። አቡ አንጃ በስድብ መለሰላቸው። ከዓድዋ ድል በኋላ ግን ዐፄ ምኒልክና ኸሊፋ ዐብዱላሂ መልእክተኛ ይላላኩ ጀመር። በ1881 ዓ.ም. ያልተቻለው ከሰባት ዓመት በኋላ ለምን ተሞከረ? የዘገየውስ ለምንድን ነው? ይህ ለአሥራ አንደኛና ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች የሚበቃ የክርክር ርእስ ነው።

የተማሩትን በሥራ ላይ ማዋልም በዚህ ደረጃ ሊጨመር ይችላል። ብዙ ሰው የዛሬው ድንበር በመተማ ጦርነት የተወሰነ ይመስለዋል። ተማሪው ይህን አባባል ይመርምር። የኢትዮጵያና የሱዳን ድንበር ውል የተፈረመው ከጦርነቱ 13 ዓመት በኋላ፣ በግንቦት 1894 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ፣ በዐፄ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል ነው። ምልክቱን መሬት ላይ ያኖረው በ1903 እ.ኤ.አ. ሻለቃ ጉዊን የተባለው እንግሊዛዊ መኰንን ነው። በዚህ ሥራ ላይ የሱዳን ሕዝብ እንደራሴ አልነበረውም። እስከ ዘመናችን በአካባቢው እርሻ ላይ የሚነሣውን ውዝግብ ለመረዳት የሚፈልግ ሰው ከመጋቢት 1881 ይልቅ ከግንቦት 1894 ቢጀምር ይሻለዋል።

ደረጃ ዘልሎ መጠየቅ

እስካሁን እንዳየነው ከታች ብቻ መቅረት ጉዳት አለው። ነገር ግን የታችኛውን ትቶ ከላይ መጀመርም የዚያኑ ያህል ይጎዳል። በአንዳንድ ክፍሎች ተማሪው ጦርነቱ መቼ እንደ ተደረገ ሳያውቅ «ጥፋተኛው ማን ነው?» ተብሎ በቡድን እንዲከራከር ይደረጋል። እንዲህ ያለው ክርክር ድምፅ ይበዛበታል እንጂ ዕውቀት አይጨምርም። ልጆቹ ከቤት ያመጡትን ወሬ ይለዋወጣሉ፤ ድምፁ ከፍ ያለው ያሸንፋል። ድንበር ላይ ባለ ትምህርት ቤት ደግሞ የዚህ ዓይነቱ ክርክር ከክፍል ወጥቶ ወደ ገበያው ይሄዳል።

ለክፍል ሥራ ጥቂት ምክር

ለአንድ የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ 10 ደቂቃ ለመጀመሪያው፣ 12 ለሁለተኛው፣ 12 ለሦስተኛው፣ ቀሪውን 6 ለአራተኛው መስጠት ይቻላል። አራተኛው የቤት ሥራ ሆኖ በጽሑፍ ቢመጣ የተሻለ ነው። በፈተናም ከ20 ማርክ 6፣ 6፣ 4፣ 4 እየተደረገ ቢከፋፈል ተማሪው ለአራቱም ይዘጋጃል። የአራተኛው መልስ ሲታረም የሚታየው ተማሪው የየትኛውን ወገን አሳብ መያዙ አይደለም። ሁለት ማስረጃ ጠቅሷል? የሚቃወመውን አሳብ አንሥቶ መልስ ሰጥቶበታል? የሚታየው ይህ ነው።

ሌላው መታገሥ ነው። ሜሪ በድ ሮው የተባለችው አሜሪካዊት ተመራማሪ መምህራን ከጠየቁ በኋላ መልስ የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ መሆኑን፣ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲታገሡ ግን የተማሪዎቹ መልስ እንደሚረዝምና ዝም የሚሉትም መናገር እንደሚጀምሩ አሳይታለች። «መቼ?» ለሚለው ጥያቄ አንድ ሰከንድ ይበቃ ይሆናል፤ «በምን አወቅን?» ለሚለው አይበቃም።

ከክፍል ውጭም ሥራ አለ። በመተማና በጎንደር አካባቢ በ1977 ዓ.ም. በገዳሪፍ በኩል ያለፉ እናቶችና አባቶች ዛሬም አሉ። ተማሪዎች ሄደው ሲጠይቋቸው ያንኑ ሥርዓት ይከተሉ። «እማማ፣ በየትኛው ዓመት፣ በየት በኩል ሄዱ?» «ያንን መንገድ የመረጡት ለምን ነበር?» «ይህን በዓይንዎ አዩት ወይስ ከሌላ ሰሙት?» «ዛሬ ሲያስቡት ምን ይላሉ?» በመጀመሪያ ፈቃዳቸው ይጠየቅ፤ መናገር ያልፈለጉትን ማስገደድ አይገባም፤ ስማቸውም ያለ ፈቃዳቸው አይጻፍ። ጠያቂው ታሪክ ፈላጊ እንጂ መርማሪ ፖሊስ አይደለም።

መልመጃ ለተማሪዎች

ሰኔ 27 ቀን 1932 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር ከኢትዮጵያ ተነሥቶ ገላባትንና ከሰላን ያዘ። በጥቅምት መጨረሻ 1933 ዓ.ም. በእንግሊዝ የሚመራው የሕንድ ብርጌድ ገላባትን መልሶ ወሰደ፤ መተማን ግን ሊይዝ አልቻለም። በጥር 1933 ዓ.ም. ደግሞ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኦሜድላ በኩል ከሱዳን ወደ ኢትዮጵያ ገቡ።

1. በዚህ ታሪክ ላይ ለአራቱም ደረጃዎች ሁለት ሁለት ጥያቄ አዘጋጁ።
2. ካዘጋጃችኋቸው ጥያቄዎች ከመማሪያ መጽሐፋችሁ ብቻ ልትመልሱት የማትችሉት የትኛው ነው? መልሱን ለማግኘት ምን ዓይነት ምንጭ ያስፈልጋችኋል?
3. በመተማ በኩል ያለ ተማሪና በገዳሪፍ ያለ ተማሪ ሁለቱም «ይህስ ትክክል ነው» ብለው የሚቀበሉትን አንድ አንቀጽ ስለ 1881ዱ ጦርነት ጻፉ። አንቀጹን ስትጽፉ የትኞቹን ቃላት መለወጥ እንዳስፈለጋችሁ በጎን አመልክቱ።

ሦስተኛው መልመጃ ከሁሉም ይከብዳል። አንድ ክፍል በሙሉ በአንድ ሳምንት አንድ አንቀጽ ብቻ ቢጽፍ እንኳ ጊዜው በከንቱ አልጠፋም።